ጣሊያኑ ኖርዌይ ሲሄድ የሚሳቀው በማን ነው?

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ የጣሊያን ኮሜዲ ፊልም ነው። አዲስ ፊልም አይደለም። «ኩዎ ቫዶ» ይባላል፤ ሲኒማ ቤት የገባው ጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) መሪ ተዋናዩ ኬኮ ዛሎኔ፣ ዳይሬክተሩ ጄናሮ ኑንዚያንቴ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ወደ 7 ሚሊዮን ዩሮ አስገባ። ከሲኒማ ቤት እስኪወርድ ድረስ 65 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሰበሰበ፤ ከ9 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተቆረጠለት። በዚያን ጊዜ ከዚህ የበለጠ ገንዘብ ያስገባ የጣሊያን ፊልም አልነበረም።

ይህን ያህል ሕዝብ ያሳቀው ነገር ቀላል ነው። ሥርዓት የማይወድ ጣሊያናዊ ሥርዓት የሚወዱ ኖርዌያውያን መሀል ይገባል። በቃ። ከዚያ በኋላ ያለው ግጭት ራሱ ቀልድ ነው።

እኔም ስቄያለሁ። ግን ፊልሙ ኖርዌይ ውስጥ ሲሆን ጎበዝ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ሲሆን ሰነፍ ነው። ሁለቱም ያሉት አንድ ሰዓት ተኩል በማይሞላ ፊልም ውስጥ ነው። ደራሲዎቹም ያው ናቸው። ታዲያ ያው እጅ እዚያ ጎብዞ እዚህ እንዴት ሰነፈ? ይሄ ጥያቄ ከጣሊያኖች ይልቅ እኛን የሚመለከት ይመስለኛል።

ፊልሙን ላላየ ሰው ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ኬኮ (በፊልሙ ውስጥም ስሙ ያው ነው) 40 ሊደፍን የተቃረበ ሰው ነው። ደቡብ ጣሊያን፣ ፑልያ ውስጥ፣ በአንድ የአውራጃ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ሥራው የአደንና የዓሣ ማጥመድ ፈቃድ ላይ ማህተም መምታት ነው። ከእናት ከአባቱ ቤት አልወጣም። ፍቅረኛ አለችው፤ የማግባት ሐሳብ ግን የለውም። ማህተም ፈልጎ የሚመጣ አዳኝ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ድርጭት ይዞ ይመጣል። ልጅ እያለ ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ ተብሎ ሲጠየቅ ሐኪም ወይም ፓይለት አላለም። መልሱ «ቋሚ ሥራ» ነበር።

ይህን ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ማስረዳት አያስፈልግም። ቋሚ ቅጥር፣ ጡረታ፣ ከተቀጠሩ በኋላ ማንም የማይነቀንቀው ወንበር። የመንግሥት ሥራ የያዘ ልጅ ያላት እናት በሰፈር እንዴት እንደምትራመድ እናውቃለን።

ከዚያ ሪፎርም ይመጣል። የአውራጃ መሥሪያ ቤቶች ይታጠፋሉ። ሲሮኒ የምትባል ኃላፊ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ትጠራና ካሣ ወስዳችሁ በፈቃዳችሁ ልቀቁ ትላለች። ሌላው ይፈርማል። ኬኮ ግን ወይ ፍንክች። አንድ ሽማግሌ ሴናተር አለ፤ የተጫወተው አንጋፋው ኮሜዲያን ሊኖ ባንፊ ነው። ቋሚ ሥራ ቅዱስ ነው፣ እንዳትፈርም እያለ ይመክረዋል። ሲሮኒም እልህ ትገባለች። ከጣሊያን ጫፍ እስከ ጫፍ ታዘዋውረዋለች። ሰውዬው የትም ቢላክ ይመቸዋል። በመጨረሻ ወደ ስቫልባርድ ትልከዋለች፤ ሰሜን ዋልታ አጠገብ ወዳሉት የኖርዌይ ደሴቶች፣ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጣቢያ ወዳለበት። እዚያ ቫሌሪያ የምትባል ተመራማሪ ያገኛል፤ ይወዳታል፤ ተከትሏት በርገን ይገባል።

የፊልሙ ልብ እዚህ ነው። ኬኮ መኪና ውስጥ ሆኖ መብራት ላይ ቆሟል። መብራቱ ገና አረንጓዴ ከመሆኑ ክላክስ ያደርጋል። ከእሱ በቀር ክላክስ የሚያደርግ የለም። ሰልፍ ሲያይ አቋርጦ መግባት ይቃጣዋል። ቫሌሪያ ሦስት ልጆች አሏት፤ ሦስቱም አባታቸው የተለያየ ነው። እነዚያ አባቶች ደግሞ እርስ በርሳቸው በሰላም ይኖራሉ። ለኬኮ ይሄ ከበረዶው በላይ ነው የሚከብደው። ቀስ በቀስ ግን ይለወጣል። ተራ ይጠብቃል። ክላክስ ይተዋል። ቤት ያጸዳል። ኋላማ ጸጉሩና ጺሙ ሳይቀር ቢጫ ሆኖ ብቅ ይላል።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ ትጠፋለች። ሰውዬው ይጨልምበታል። የጣሊያን ምግብ ቤት የሚል ጽሑፍ አይቶ ሲገባ ፓስታው ውኃው ሳይፈላ ሲከተት ያያል። አንድ ቀን በቴሌቪዥን የታወቁት ዘፋኞች አል ባኖና ሮሚና ፓወር ከስንት ዓመት በኋላ አብረው በጣሊያኑ የሳንሬሞ የዘፈን ፌስቲቫል መድረክ ላይ ሲዘፍኑ ያያል፤ እንባው ይመጣል። አገሩ ናፈቀው። ሲመለስ በኖርዌይ ጠባዩ ነው። ግን ጣሊያን ውስጥ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ተራው አይደርሰውም። ብዙ ሳይቆይ አሮጌው ኬኮ ይመለሳል።

ይህን ክፍል ስታዩ ሳቁ ወዴት እንደሚሄድ ልብ በሉ። ኖርዌይ ትነካለች፤ ብርዱ፣ ጨለማው፣ ዝምታው። ግን የሚገረፈው ጣሊያን ነው። በድርጭት የሚመታው ማህተም ነው የሚገረፈው። ከእናቱ ቤት ያልወጣው ጎልማሳ ነው የሚገረፈው። ከፊት ያለው መኪና እስኪነሳ ሁለት ሰከንድ መታገሥ ያቃተው ሾፌር ነው የሚገረፈው። ኖርዌይ እዚያ የቆመችው ጣሊያን ራሷን እንድታይባት ነው። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው 9 ሚሊዮን ሰው የሳቀው በራሱ ነው። ለዚህ ነው ፊልሙን የምወደው። ሕዝብን በራሱ ማሳቅ ከባድ ሥራ ነው፤ ሳያስቀይሙ ማሳቅ ደግሞ የበለጠ ከባድ ነው።

ጣሊያን ውስጥ በጊዜው ክርክር ተነሥቷል። ፊልሙ ያንን ጠባይ ይነቅፋል ወይስ ይቅር ይላል የሚል። እኔ ሁለቱንም ያደርጋል እላለሁ። ሰው የሚወደውን ቤተሰቡን እንደዚህ ነው የሚነቅፈው።

ይሄ አካሄድ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ1956 በወጣ አንድ ፊልም ኮሜዲያኖቹ ቶቶና ፔፒኖ ዴ ፊሊፖ ከኔፕልስ አካባቢ ወደ ሚላን የሚሄዱ ሁለት ወንድማማቾችን ይጫወታሉ። ሚላን ብርድ ነው ስለተባሉ የክረምት ኮትና የጸጉር ቆብ ደርበው ይመጣሉ። የራሳቸው አገር ነው፤ እነሱ ግን ውጭ አገር የደረሱ ያህል ነው የሚሰማቸው። ዱኦሞ አደባባይ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ያያሉ። ዩኒፎርሙን አይተው ትልቅ ሰው ይመስላቸዋል። ፈረንሳይኛ የሚመስል፣ ምንም ያልሆነ ቋንቋ እየቀላቀሉ ያናግሩታል። የሚጠይቁት ደግሞ ይሄንን ነው፦ መሄድ ወዳለብን ቦታ ለመሄድ በየት በኩል መሄድ አለብን? ጣሊያኖች ይህን እስከ ዛሬ በቃላቸው ይሉታል።

በ1963 ደግሞ ጣሊያናዊው ተዋናይ አልቤርቶ ሶርዲ በአንድ ፊልም ወደ ስዊድን ተጓዘ። የፊልሙ ዳይሬክተር ጃን ሉዊጂ ፖሊዶሮ ነበር፤ ፊልሙም በበርሊን ፌስቲቫል ወርቃማውን ድብ አሸንፏል። ሶርዲ የጸጉር ቆዳ ነጋዴ ነው። የሰሜን ሴቶች ነፃ ናቸው የሚለውን የወንዶች ወሬ አምኖ፣ ተስፋውን ይዞ ሄደ። ያገኛቸው ሴቶች ተግባቢና ቀና ናቸው። ያሰበው ግን አንዱም አልሆነለትም። የተጋለጠው እሱ ነው፤ የተጋለጠው የአገሩ ወንድ ወሬ ነው። ሶርዲ ፊቱ ላይ የሚታየውን ሐፍረት ያየ ሰው አይረሳውም።

ከዚህም ወደ ኋላ ብንሄድ እናገኛለን። በ1431 ፒየትሮ ኩዌሪኒ የሚባል የቬኒስ ነጋዴ ከቀርጤስ ወይን ጭኖ ተነሣ። ማዕበል ወደ ሰሜን ወሰደው፤ መርከቡ ጠፋ፤ አብዛኛው ሰው አለቀ። የተረፉት ጥቂቶች በ1432 መጀመሪያ ላይ የኖርዌይ ሎፎተን ደሴቶች ደረሱ። የሮስት ደሴት ዓሣ አጥማጆች ቤታቸው አስገቧቸው፤ እስከ ግንቦት አኖሯቸው። ከተረፉት መሀል ሁለቱ በጻፉት ማስታወሻ እዚያ ገነት ውስጥ የኖሩ ያህል እንደተሰማቸው፣ ይህም የጣሊያን አገሮችን የሚያሳፍር እንደሆነ ጽፈዋል። ሞት አፍ ውስጥ ገብተው የወጡ ሰዎች ናቸው። እንግድነታቸውን የተጠቀሙበት አገራቸውን ለመታዘብ ነው። ይዘውት የተመለሱት የደረቀ ዓሣም የቬኔቶ ማዕድ ላይ እስከ ዛሬ አለ፤ ጣሊያን ያንን የሎፎተን ዓሣ ዛሬም ትገዛለች።

ኖርዌዮቹስ? እነሱም ይህን ቀልድ ከራሳቸው በኩል ሠርተውታል፤ ጥሩ አድርገው ሠርተውታል።

«ሊሊሃመር» የተባለው ተከታታይ ድራማ በ2012 ጃንዋሪ በኖርዌይ መንግሥት ቴሌቪዥን ጀመረ። በመጀመሪያው ምሽት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አየው፤ የአገሪቱ ሕዝብ ያኔ 5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኔትፍሊክስ ወሰደው። ዋናው ሰው ፍራንክ ታልያኖ የኒው ዮርክ ማፍያ ነው፤ ዘሩ ጣሊያን። የተጫወተው ስቲቨን ቫን ዛንት ነው። ፍራንክ በአለቃው ላይ ይመሰክርና መንግሥት የት ልደብቅህ ሲለው ሊሊሃመር ይላል። የ1994ን የክረምት ኦሎምፒክ በቴሌቪዥን አይቶ ቦታውን ወዶታል። አዲስ ስም ይሰጠዋል፤ ጆቫኒ ሄንሪክሰን። ከዚያ እንደ ማንኛውም ስደተኛ የሥራና የማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ይሄዳል፤ ቋንቋና ሥነ ሥርዓት ይማራል፤ ወረቀት ይሞላል። አንድ ሰው ጠፍንጎ ለማስፈራራት የሚበቃ ወንበዴ የቢሮ ጸሐፊ ፊት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ጽሑፉን የመሩት አኔ ቢዮርንስታድና አይሊፍ ስኮድቪን ኖርዌያውያን ናቸው። የሳቁም አቅጣጫ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ፍራንክ ጉቦ ይሰጣል፣ ያስፈራራል፣ ሰው ይገዛል። ያ ሁሉ ሕግ አክባሪ ኖርዌያዊ ደግሞ ሳይቸገር ይገዛለታል። በሕጉ መሠረት አይቻልም ይል የነበረው የቢሮ ሰው ትንሽ ሲጫኑት ይቻላል ይላል። ኖርዌያውያን በዚህ ድራማ የሳቁት በማፍያው አይደለም። እኛ ንጹሕ ነን የሚለው እምነታቸው ምን ያህል ስስ እንደሆነ አይተው ነው የሳቁት።

የሁለቱ አገሮች የእውነት ታሪክም ውስጥ አንድ አስገራሚ ግጭት አለ። በ1926 «ኖርገ» የተባለችው የአየር መርከብ ከስቫልባርድ ተነሥታ በሰሜን ዋልታ ላይ በራ አላስካ ደረሰች። ውስጧ 16 ሰዎች ነበሩ። የጉዞው መሪ ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን ነው። መርከቧን የሠራትና ያበረራት ጣሊያናዊው ኡምቤርቶ ኖቢሌ ነው። አሜሪካዊው ሊንከን ኤልስዎርዝም ነበረ። ኖቢሌ ቲቲና የምትባል ውሻውን ሳይቀር ይዞ ገባ።

ዋልታው ላይ ሲደርሱ ባንዲራ መጣል ነበረባቸው። አሙንድሰን ክብደት እንዳይበዛ በማለት መሐረብ የሚያክል ትንሽ ባንዲራ ነው የያዘው። ጣለው። ኤልስዎርዝም የአሜሪካን ጣለ። ኖቢሌ ተራው ሲደርስ አንድ ትልቅ የጣሊያን ባንዲራ ከሳጥን ውስጥ አወጣ። ሌሎችም ጨመረ። አሙንድሰን ኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ይህን በምሬት አነሣው። ከአላስካ በመርከብ የአሜሪካዋ ሲያትል ሲደርሱ ደግሞ ኖርዌያውያኑ ተራ ልብስ ነው የለበሱት። ጣሊያኖቹ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ወጡ። ልብስ አታብዙ ተብሎ ነበርና ይሄም ሌላ ጠብ ሆነ። የክብሩ ባለቤት ማን ነው የሚለው ክርክር በጋዜጣ ሁሉ ተጻፈ።

እነዚያ የኖቢሌ ባንዲራዎች የተጣሉት ለሙሶሊኒ ጣሊያን ክብር ነበር። ያ መንግሥት ከ9 ዓመት በኋላ ባንዲራውን ይዞ ወደ እኛ መጣ። የባንዲራውን ትልቅነት እንደ ቀልድ ብቻ ማየት የሚከብደኝ ለዚህ ነው።

መጨረሻው ያሳዝናል። በ1928 ኖቢሌ «ኢታሊያ» በተባለች ሌላ የአየር መርከብ ተመልሶ ሄደ፤ በረዶ ላይ ወደቀች። አሙንድሰን ለሁለት ዓመት ሲጣላው የኖረውን ሰው ለመፈለግ ከትሮምሶ በአውሮፕላን ተነሣ። ጁን 18 ቀን 1928 ነበር። አልተመለሰም። ኖቢሌን አንድ የስዊድን አብራሪ አወጣው፤ ቲቲናንም ጭምር።

በ2022 የኖርዌዩዋ ዳይሬክተር ካይሳ ኔስ ይህን ታሪክ «ቲቲና» በሚል ርዕስ አኒሜሽን አድርጋ ሠራችው። ታሪኩ የሚታየው በውሻዋ ዓይን ነው። ምርጫው ድንቅ ነው እላለሁ። ውሻዋ ባንዲራ አታውቅም። ለእሷ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ስለ ምንም ነገር ይጣላሉ። ኔስ የአገሯን ጀግና አልማረችውም፤ አሙንድሰንም እንደ ኖቢሌው እኩል ተስቆበታል። ኖርዌይ ውስጥ አሙንድሰን ምን ያህል ትልቅ ስም እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ድፍረት ነው።

ስለዚህ ጣሊያኖቹም ኖርዌዮቹም ያወቁት አንድ ነገር አለ። የሁለት ባህል ግጭት የሚያስቀው ሠሪው መጀመሪያ የራሱን ቤት ሲከፍት ነው።

አሁን ወደ አፍሪካው ልምጣ።

«ኩዎ ቫዶ» የሚጀምረው ኖርዌይ አይደለም፤ ጣሊያንም አይደለም። አፍሪካ ነው። የትኛው አገር እንደሆነ አይነገርም። ኬኮ በመኪና ሲሄድ አንድ ጎሳ ይይዘዋል። ይታሰራል። በሕይወት መኖር ይገባው እንደሆነ አለቃቸው እንዲወስን ታሪኩን ይተርክላቸዋል። የፑልያው፣ የስቫልባርዱ፣ የበርገኑ ታሪክ ሁሉ ለእነሱ የሚተረክ ነው። እነሱ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። በመሀል በመሀል ካሜራው ወደ እነሱ ይመለሳል፤ ይገረማሉ፣ ይስቃሉ፣ ይፈርዳሉ። መጨረሻ ላይ ኬኮ ይለቀቃል። እዚያው አፍሪካ፣ ቫሌሪያ በምትሠራበት ሆስፒታል፣ ልጁ ትወለዳለች። መድኃኒት የለም። ያን ጊዜ ያ ስንት ጉድ ያለፈበትን ሥራ ይለቅና በካሣው ገንዘብ መድኃኒት ያስገዛል።

ደግ ፍጻሜ ነው። የሠሩት ሰዎችም ክፋት አስበው አይደለም። ግን እስቲ ከበርገን ጋር አስተያዩት። በርገን ስም አላት። ሰልፍ አላት፣ መብራት አላት፣ ክረምት አላት፣ ከኬኮ የሚለይ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች አሏት። ኬኮን ትለውጠዋለች፤ ጸጉሩን ሳይቀር። አፍሪካው ስም እንኳ የለውም። ሰዎቹ ሥራቸው ማሰርና መስማት ነው። ከእነሱ መሀል የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የለም። ሾፌር የለም። ቋሚ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ያላት እናት የለችም። እኮ ይህን ቀልድ ከዓለም ሕዝብ ሁሉ በላይ የሚረዳው የእኛ ሰው ነው! የማህተም ወረፋ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ እንዳትለቅ የሚል ሽማግሌ። ፊልሙ ከአፍሪካ ጋር ሊጋራው የሚችለውን ትልቁን ሳቅ እዚያው አጠገቡ አስቀምጦ አላየውም።

እዚህ ላይ የሚቃወም ሰው ሊኖር ይችላል። ኖርዌያውያኑም እኮ የተሳሉት በጅምላ ነው፤ ሁሉም ቢጫ ጸጉር፣ ሁሉም ዝምተኛ፤ ለምን እነሱ አልተቀየሙም? ሊባል ይችላል። ልክ ነው፣ በጅምላ ነው። ልዩነቱ ቀልዱ ከሲኒማ ቤት ከወጣ በኋላ ነው። ኖርዌያዊ ናችሁና ሰዓት በጣም ታከብራላችሁ ተብሎ ቪዛ የተከለከለ ሰው የለም። ቤት አላከራይህም የተባለ ኖርዌያዊ ሮም ውስጥ አላውቅም። ያ ጅምላ ስዕል ኖርዌያዊው ላይ አይጣበቅም፤ ሀብቱና ፓስፖርቱ ያራግፉለታል። አፍሪካዊው ላይ ግን ይጣበቃል። ጦር የያዘው የፊልም ሰውዬ ምስል ሮም ውስጥ አውቶቡስ የሚጠብቀው ልጅ ላይ ይለጠፋል። አንድ ዓይነት ቀልድ ነው፤ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አንድ አይደለም።

ይህን ስል እኛንም ማየት አለብኝ። የእኛ ኮሜዲ ብዙ ጊዜ የሚስቀው በማን ነው? ከገጠር በመጣው ሰው ነው። አነጋገሩ ይጣመማል፣ ሊፍት ያስደነግጠዋል፣ መንገድ ማቋረጥ ያቅተዋል። ቶቶና ፔፒኖም ይህንኑ አድርገዋል የሚል ይኖራል። ግን ቶቶ ራሱ የኔፕልስ ልጅ ነው፤ የሳቀው ከራሱ ሰዎች ጋር ነው። እኛ ዘንድ የአዲስ አበባ ልጅ የባላገር ልብስ ለብሶ፣ የማያውቀውን ዘዬ እያበላሸ፣ ከተሜውን ያስቃል። ከአሜሪካ በመጣው ዲያስፖራም እንስቃለን፤ እሱስ ቢያንስ መልስ መስጠት ይችላል። ባላገሩ ግን መልስ የሚሰጥበት ፊልም የለውም። ስለ አፍሪካው ትዕይንት ጣሊያኖቹን የምወቅሰውን ያህል ይሄም ያሳዝነኛል።

ሁለቱንም አገር፣ ጣሊያንንም ኖርዌይንም፣ ከራሱ ከኬኮ በላይ የሚያውቅ ሰው አለ። ሐበሻው ነው። ከሊቢያ ባሕር አቋርጦ ላምፔዱሳ ወይም ሲሲሊ የወረደ፣ አሻራ የሰጠ፣ ሮም ተርሚኒ አካባቢ የከረመ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን የወጣ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ብዙ ነው። ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፤ ደብሊን የሚባለው ስምምነት ውስጥ ግን ገብታለች። ደንቡ የታወቀ ነው። መጀመሪያ አሻራ የሰጠህበት አገር ጉዳይህን ይይ ይላል። ስለዚህ ኦስሎ ደርሶ፣ ካምፕ ገብቶ፣ ቋንቋ ጀምሮ፣ አሻራህ ጣሊያን አለ ተብሎ ወደ ሮም የተመለሰ ሰው አለ። ኬኮ በዝውውር ደብዳቤ የተመላለሰበትን መንገድ የእኛ ልጆች በአሻራ ተመላልሰውበታል።

ያ ሰው የሚያውቀውን አስቡት። ጣሊያን ውስጥ አንድ ወረቀት ለመጨረስ ሰው ማወቅ እንደሚጠቅም፣ ድምፅ ከፍ ማድረግም አንዳንዴ እንደሚሠራ ያውቃል። ኖርዌይ ውስጥ ድምፅ ከፍ ካደረገ ነገሩ ሁሉ እንደሚበላሽ ያውቃል። እዚያ የሚጠበቀው ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ ይመጣል። አገር ቤት ያለውን «ነገ ና»ም አልረሳውም። ሦስት ዓይነት ቢሮ፣ ሦስት ዓይነት ጥበቃ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ።

ወይም የማዕዱን ነገር አስቡት። ሐበሻው እንግዳ ሆኖ ሄዷል። ርቦታል። ብላ ሲሉት በጨዋ ደንብ «ጠግቤያለሁ» ይላል። የሚጠብቀው በሞቴ፣ አፈር ስሆን የሚል ልመና ነው። ፑልያ ውስጥ ከሆነ ችግር የለም፤ የቤቱ እናት ቃሉን ሳትሰማው ሳህኑን ትሞላዋለች። በርገን ውስጥ ግን ሰውየው ያመነዋል። ጠግቤያለሁ አለ፣ ስለዚህ ጠግቧል። ሳህኑ ይነሣል። እንግዳው በረሃብ ዓይኑ ሳህኑን እየሸኘ ይቀራል። ኖርዌያዊው ክፉ አይደለም፤ ሰው የተናገረውን ማመን እሱ ዘንድ ክብር ነው። እዚህ ላይ የሚሳቀው በኖርዌያዊው አይደለም። በእኛ ነው፤ እየራበን ጠግበናል በምንለው።

እንዲህ ያለ ፊልም እስካሁን አላየሁም። ማየት እፈልጋለሁ። ሊሠሩት የሚችሉት ደግሞ በርገንና ቦሎኛ ያደጉት ልጆቻችን ናቸው። ቋንቋውን ይናገሩታል። ሰልፉንም ክላክሱንም ያውቁታል። አባታቸው አሻራ የሰጠበትን ቀን ሲያወራ እየሰሙ ነው ያደጉት፤ እናታቸው እንግዳን ብላ እያለች ስትለምን አይተዋል። ሮም ውስጥ ዕድሜ ጠገብ የፊልም ትምህርት ቤት አለ። የኖርዌይ የፊልም ትምህርት ቤትም የሚገኘው እዚያው ፍራንክ ታልያኖ የተደበቀባት ሊሊሃመር ከተማ ውስጥ ነው። ለማመልከት የሚያስብ ልጅ ያላችሁ ቤተሰቦች ካላችሁ፣ ፊልም ሥራ አይደለም ብላችሁ አትመልሱት። ቋሚ ሥራ ፈልግ የሚለውን ምክርም ለጊዜው አቆዩለት።